ዝምድና ብቻውን አያሻግርም
የዩኒክስ ቤተሰብና ሶፍትዌርን ከማሽን ወደ ማሽን የማዛወር ጉዳይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ ከተማ ሲቃረብ የሚያየው የፎገራ ሜዳ ዛሬ የሩዝ አገር ሆኗል። ክረምት ሲገባ ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ሌላውን አዝርዕት ያበላሽ የነበረው ያ ውኃ ለሩዝ ግን ሲሳይ ሆነ። ለዚህ ለውጥ በር ከከፈቱት ምልክቶች አንዱ በፎገራና በጋምቤላ ረግረጎች ውስጥ ማንም ሳይዘራው የሚበቅለው የዱር ሩዝ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኦሪዛ ሎንጊስታሚናታ ነበር። ዘመዱ የበቀለበት ምድር ለእርሻው ሩዝም ይስማማ ይሆናል የሚለው ግምት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተነሣ፤ ጊዜውም ግምቱን አረጋገጠ። ይሁን እንጂ ገበሬው የሚያጭደው የዱሩን ሩዝ አይደለም። የዱሩ ሩዝ ፍሬውን የሚያረግፍ፣ ከመሬት በታች በሚሰደው ግንድ የሚዛመት ተክል ነው። በማሳው ላይ የዋለው ከውጭ መጥቶ የተሞከረ፣ የተመረጠና ከአካባቢው ጋር የተለማመደ ሌላ ዝርያ ነው። ዝምድናው ቦታውን ጠቆመ እንጂ የማላመዱን ሥራ አልሠራም።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ያነሣነው ስለ ግብርና ልንጽፍ አስበን አይደለም። በኮምፒውተር ዓለምም ተመሳሳይ ጥያቄ ስላለ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወይም ሥርዓተ ክወና የምንላቸው ሶፍትዌሮች እንደ ተክሎች ሁሉ የዘር ሐረግ አላቸው። በሊኑክስ፣ በፍሪቢኤስዲ፣ በማክኦኤስና በአንድሮይድ መካከል ያለው መመሳሰል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሁሉም በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ከዩኒክስ የሚመዘዙ ናቸው። ታዲያ በአንዱ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ ያለ ችግር ይሠራልን? በትምህርት ቤት የሚሰጠው ፈጣን መልስ «ዘመዳሞች ስለሆኑ ይሠራል» የሚል ነው። እኛ ግን ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው እንላለን፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ከስሕተት የሚተናነስ አይደለም።

የቤተሰቡ አመጣጥ

ዩኒክስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ ውስጥ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ፒዲፒ-7 ለተባለች ማሽን በራሷ የማሽን ቋንቋ ስለነበር ከዚያች ማሽን ውጭ ሕይወት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1973 ግን አብዛኛው ክፍል ሪቺ ባዘጋጀው በሲ ቋንቋ እንደገና ተጻፈ። የሲ ኮምፓይለር ያለው ማንኛውም ማሽን ዩኒክስን ለመቀበል ዕድል ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ1977 በቤል ላብራቶሪና በአውስትራሊያው የወሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ ዩኒክስን ኢንተርዳታ ወደተባሉ ሌላ ዓይነት ማሽኖች ማሻገር ተቻለ። ሶፍትዌርን ከማሽን ወደ ማሽን ማሻገር፣ ባለሙያዎች ፖርቲንግ የሚሉት ሥራ፣ ከዩኒክስ ታሪክ ጋር የተጋመደው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ተከፋፈለ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ቅርንጫፍ ቢኤስዲ የተባለውን ዘር እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ አሰራጨ። የቤል ላብራቶሪ ባለቤት የሆነው ኤቲ ኤንድ ቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲስተም ፋይቭን ለገበያ አቀረበ። የዛሬዎቹ ፍሪቢኤስዲ፣ ኔትቢኤስዲና ኦፕንቢኤስዲ የበርክሌይ ልጆች ናቸው። ማክኦኤስም ከዚሁ ዘር ብዙ ወርሷል። ሊኑክስ ግን የተለየ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ከርነሉን ሲጽፍ የዩኒክስን ኮድ አልወሰደም፤ ቅርጹንና ሕጉን ብቻ ተከተለ። በእኛ አገር ባህል አነጋገር ቢኤስዲ የሥጋ ልጅ ሲሆን ሊኑክስ የጡት ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ዝምድናው የሚሰጠው

ይህ ዝምድና የሚሰጠውን ጥቅም ማሳነስ አንሻም። በእነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ ፋይል የሚከፈተው «ኦፕን»፣ የሚነበበው «ሪድ»፣ የሚጻፈው «ራይት»፣ የሚዘጋው «ክሎዝ» በተባሉት ጥሪዎች ነው። መሣሪያዎችም ሆኑ የኔትወርክ ግንኙነቶች በአመዛኙ እንደ ፋይል ይታያሉ። ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት የሚነጋገሩበት «ሶኬት» የተባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1983 ከበርክሌይ ወጥቶ ለመላው ቤተሰብ፣ አልፎም ለዊንዶውስ ተርፏል። ስለዚህ በሊኑክስ ላይ በሲ የተጻፈ አንድ የሒሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም በፍሪቢኤስዲ ላይ እንዲሠራ ጥቂት መስመሮችን መለወጥ ሊበቃው ይችላል። ያንኑ ፕሮግራም ወደ ዊንዶውስ ለማሻገር ግን ብዙውን ክፍል እንደገና ማሰብ ሊያስፈልግ ይችላል።

ዝምድናው የማይደርስበት

የአፍሪካው ሩዝ ኦሪዛ ግላበሪማና የእስያው ሩዝ ኦሪዛ ሳቲቫ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ነገር ግን ሲዳቀሉ የሚወለደው ተክል በአብዛኛው መካን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሴራሊዮናዊው ሳይንቲስት ሞንቲ ጆንስና ባልደረቦቹ ጽንሱን በላብራቶሪ እያሳደጉና ዲቃላውን ከአንደኛው ወላጅ ጋር መልሰው እያዳቀሉ ኔሪካ የተባለውን ሩዝ እስኪያወጡ ድረስ ብዙ ደክመዋል። ጆንስ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተጋርቷል፤ የኔሪካ ዘሮችም እስከ አገራችን ደርሰዋል። መቀራረብ ያለ መግባባት የማይበቃ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

በሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ብዙ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ የሚጠብቅ ሰርቨር በፍሪቢኤስዲ ላይ «ኬኪው» የተባለውን ስልት ሲጠቀም በሊኑክስ ላይ የሚጠቀመው «ኢፖል» የተባለውን ነው። ሁለቱ አንድ ዓላማ ቢኖራቸውም አጠራራቸው አይገጥምም። አንድሮይድ የሊኑክስ ከርነል ቢኖረውም የሲ ቤተ መጻሕፍቱ በሌሎች ሊኑክሶች የተለመደው ግሊብሲ ሳይሆን ባዮኒክ የተባለ ሌላ ነው። ችግሩ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ይከሠታል። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው 6.10 እትም ላይ የሥርዓቱን መደበኛ ሼል ከባሽ ወደ ዳሽ ሲለውጥ «ለመደበኛ ሼል የተጻፍን ነን» ይሉ የነበሩ፣ ነገር ግን ባሽ ብቻ የሚያውቃቸውን አባባሎች የሚጠቀሙ ብዙ ስክሪፕቶች ተሰናከሉ። ስክሪፕቶቹ የተሳሳቱት በዚያ ቀን አልነበረም። ከመጀመሪያውም የተጻፉት ለጋራው ሕግ ሳይሆን ለአንዱ ዘመድ ልማድ ነበር።

ለእኛ ለግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎች የበለጠ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ «ሀ» የሚለው ፊደል 225፣ 136 እና 128 የተባሉ 3 ባይቶችን ይይዛል። የአማርኛ ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው ይኸው 225 ነው። በሲ ቋንቋ አንድ ባይት የሚይዘው «ቻር» የተባለው ዓይነት ከ0 እስከ 255 ይቁጠር ወይስ ከዜሮ በታች 128 ወርዶ እስከ 127 ይቁጠር የሚለውን የቋንቋው ደንብ ሳይወስን ትቶታል። በኢንቴል ማሽን ላይ ባለ ሊኑክስ ልማዱ ሁለተኛው በመሆኑ 225 ከዜሮ በታች 31 ሆኖ ይነበባል። እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ባሉ፣ የአርም ፕሮሰሰር በተገጠመላቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ ባለው ሊኑክስ ግን ራሱ 225 ሆኖ ይቀራል።

እንበልና አንድ ተማሪ በወረታ ለሚገኝ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሩዝ ርክክብ መመዝገቢያ ጻፈ። ፕሮግራሙ ባይቱ ከዜሮ በታች ከሆነ የግዕዝ ፊደል ነው ብሎ ይፈርዳል። በተማሪው የኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ነገር ያማረ ነው። ማኅበሩ ዋጋው ዝቅተኛ ነው ብሎ በገዛው ትንሽ የአርም ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ግን ያ ሁኔታ ፈጽሞ እውነት ስለማይሆን ፕሮግራሙ የገበሬውን ስም እንደ ላቲን ጽሑፍ ቆጥሮ ፊደሉን ከመካከል ይቆርጠዋል። ከርነሉ ያው ሊኑክስ፣ ቋንቋው ያው ሲ፣ ኮምፓይለሩም ያው ነው። ኩንታሉን ያስረከበው ገበሬ ግን ስሙን ከመዝገቡ ያጣል። ጉዳዩ የኮምፒውተር ሰዎች ቅንጦት አይደለም የምንለውም ለዚህ ነው።

ከሥጋ ይልቅ ቃል ኪዳን

ታሪኩን በጥሞና ያየ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሥጋ ወንድማማቾች የነበሩት የቢኤስዲና የሲስተም ፋይቭ ዘሮች ሳኖኤስ፣ ኤችፒ-ዩኤክስ፣ ኤአይኤክስ እየተባሉ በየኩባንያው ሲያድጉ እርስ በርስ ተራርቀው ነበር። ለሁሉም ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ኮዱን «በዚህ ላይ ከሆንህ እንዲህ፣ በዚያ ላይ ከሆንህ እንዲያ አድርግ» በሚል ቅድመ ሁኔታ መሙላት ነበረበት። ይህን ችግር ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ1988 ፖዚክስ የተባለው የጋራ ደረጃ ወጣ። ፖዚክስ የማንንም ኮድ አያካፍልም። አንድ ጥሪ ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ፣ ሲሳካና ሲሳሳት ምን እንደሚያሳውቅ የሚደነግግ ስምምነት ነው። ከቤተሰቡ ደም አንዲት ጠብታ የሌለው ሊኑክስ ለሌሎቹ ይህን ያህል የቀረበ ጎረቤት የሆነው በዋነኛነት ይህንን ስምምነት ስለተከተለ ነው። ስለዚህ ፕሮግራምን የሚያሻግረው የሥጋ ዝምድና ሳይሆን የተጻፈና የተከበረ ቃል ኪዳን ነው እንላለን። ዝምድናው ቃል ኪዳኑን መግባት ያቀልላል እንጂ አይተካውም።

የራሳችን የፊደል ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት ለአማርኛ የተዘጋጁ ሶፍትዌሮች ሁሉ ያቀርቡ የነበረው ያንኑ የግዕዝ ፊደል ነበር። ከዚህ የበለጠ ዝምድና ሊኖር አይችልም። ነገር ግን እያንዳንዱ አዘጋጅ ፊደሎቹን ለላቲን በተመደቡ ቦታዎች ላይ በራሱ መንገድ ስላስቀመጣቸው በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ይህን የፈታው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም 345 የግዕዝ ምልክቶችን እያንዳንዳቸውን በቋሚ ቁጥር መመዝገቡ ነው። ያንን ቁጥር በባይት የሚጽፈው ዩቲኤፍ-8 ደግሞ የዩኒክስ ቤተሰብ ስጦታ ነው። የነደፉት ያው ኬን ቶምፕሰንና ባልደረባው ሮብ ፓይክ ሲሆኑ ጊዜውም እ.ኤ.አ. መስከረም 1992 ነበር። አሮጌው የዩኒክስ ፕሮግራም የማያውቀውን ፊደል ሳያበላሽ እንዲያሳልፍ ሆኖ ስለተሠራ አማርኛም በዚሁ በር ገባ።

የሚወረሰው በጎው ብቻ አይደለም

ዘር ጠንካራውን ጠባይ ብቻ ሳይሆን በሽታንም ያወርሳል። ዩኒክስ ጊዜን የሚቆጥረው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ይህ ቁጥር ለረጅም ጊዜ የተያዘው በ32 ቢት በመሆኑ ከ2,147,483,647 በላይ ሊቆጥር አይችልም። ቁጥሩ የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ አቆጣጠር ይህ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል። ያልታረመ ኮምፒውተር በቀጣዩ ሰከንድ ራሱን በ1894 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ያገኘዋል።

ይህ ጉድለት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከሥጋ ልጅም ወደ ጡት ልጅ ተላልፏል። መድኃኒቱ ቁጥሩን ወደ 64 ቢት ማሳደግ ሲሆን ኔትቢኤስዲ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኦፕንቢኤስዲ በ2014 አድርገውታል። የሊኑክስ ከርነልም እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 5.6 እትሙ ለ32 ቢት ማሽኖች መንገዱን ከፍቷል። ከርነሉ ቢታረምም ግን ጊዜን በ32 ቢት ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አብሮ አይታረምም። ዛሬ ተጽፎ ለ15 ዓመት የሚያገለግል የመሬት ይዞታ ወይም የብድር መዝገብ ያን የጥምቀት ንጋት ያልፋልና ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል።

ምን ይደረግ?

«ፕሮግራሜ የሚሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ስለ ሌላው ማሰብ ለምን ያስፈልገኛል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ጊዜና ገንዘብ ውሱን በሆኑበት አገር ተቃውሞው ክብደት አለው። ሆኖም ያ አንድ ዓይነት ኮምፒውተር ባለበት አይቆይም። በእርዳታ የመጡ አሮጌ ማሽኖች በየቢሮው ይገኛሉ። ኡቡንቱ ከ17.10 እትሙ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለ32 ቢት የኢንቴል ማሽኖች የሚሆን የዴስክቶፕ መጫኛ ማውጣቱን አቁሟል። ደቢያንም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ያንኑ በር ዘግቷል። ኔትቢኤስዲ ግን እነዚህን ማሽኖች አሁንም ይቀበላል። ለጋራው ሕግ የተጻፈ ፕሮግራም ወደዚያ ዘመዱ ዘንድ ተሰድዶ ዕድሜውን ሊያራዝም ይችላል። ለአንዱ ልማድ የተጻፈው ግን ከቤቱ ጋር አብሮ ይፈርሳል። ማሽን ባለን አቅም ቶሎ ቶሎ የማንለውጥ ሕዝብ እንደመሆናችን ተሻጋሪ ሶፍትዌር ከሌላው ይልቅ ለእኛ ያስፈልገናል።

ስለዚህ አራት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሥርዓተ ክወና ትምህርት ሲሰጥ የአንዱን ሊኑክስ ትእዛዛት ከማስሸምደድ ይልቅ ፖዚክስ የሚደነግገውና የማይደነግገው ምን እንደሆነ ይለይ። ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ሥራ ሆኖ የሚቀርብ ፕሮግራም ቢያንስ በሁለት ዘመዳም ሥርዓቶች፣ ቢቻል ደግሞ በኢንቴልም በአርምም ላይ ተሞክሮ ይቅረብ። ፍሪቢኤስዲና ኔትቢኤስዲ በነጻ የሚገኙ በመሆናቸው ይህ ከአንድ ቀን ሥራ በላይ የሚጠይቅ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ሙከራው በላቲን ፊደል ብቻ ሳይሆን በአማርኛ ስሞችም ይደረግ። «ወረታ» 3 ፊደል ቢሆንም 9 ባይት መሆኑን ያልተገነዘበ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ተጽፏል ሊባል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት የጉራጌ ፊደላት ደግሞ እያንዳንዳቸው 4 ባይት እንደሚይዙ መታወስ አለበት። አራተኛ፣ የጊዜ መዛግብት ሁሉ በ64 ቢት ይያዙ።

በወረታ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቋቋሙ አንድ ነገር ያስተምረናል። ሩዝ በዚያ ሜዳ ላይ መብቀል ከጀመረ በኋላም ምርምሩ አላበቃም። አንድ ዘር በአንድ ማሳ ላይ ስለበቀለ ብቻ ለሁሉም ማሳ አይታደልም፤ በዝናቡም በድርቁም፣ በውኃ በሚተኛበትም በማይተኛበትም መሬት ይፈተናል። ሰብሉ ቢከሽፍ የሚራበው ገበሬው መሆኑ ስለሚታወቅ ይህን ጥንቃቄ ማንም ብክነት አይለውም። ሶፍትዌር የምንጽፍ ሰዎችም ዘመድ ነው ብለን ሳንፈትን ያሻገርነው ፕሮግራም ሲሰናከል የሚጎዳው በመዝገቡ ላይ ስሙ የተቆረጠው ያው ገበሬ መሆኑን ልናስብ ይገባናል።